ከበር ጀርባ ምን ይታያል

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ አሁንም ሻይ ብቻ ነው? እኔን ካልሽኝ አለሁ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይሰድበኛል እንጂ እጄ ገና የታዘዘውን ይሠራል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጀምር፣ የጎደለብኝን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ይህን የምትጽፍልኝ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንዳለ ጻፊ፣ እንደ ቀሚስሽ ጥልፍ አታብዢበት ብያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ሲነበብልኝ የራሴን ቃል አላጣውም። የወንድምሽን መርዶ የሰማሁት እሷ ቤት መሆኑን ታስታውሻለሽ። ማለዳ ገብቼ በሯን ስገጥም ውዬ፣ ምሳዬንም እዚያው በልቼ፣ የመጨረሻውን ማጠፊያ ስመታ ነው ጎረቤቶች የመጡት። በሩ እስከ ዛሬ ሲጢጥ ብሎ አያውቅም።

ክሊኒኩን መልቀቅሽን ሰማሁ። አክስትሽ ናት የነገረችኝ። ከእንግዲህ የሰው ቁስል አላስርም፣ እጄ አይታመንም ብለሽ ነጩን ካፖርት ወንበር ላይ ጥለሽ ወጣሽ አሉ። ደብዳቤ የማስጽፈው ለዚህ ነው። ለናፍቆት ቢሆንማ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ወዴት እንደምሄድ ብነግርሽ አታምኚም። ሱሰኞች የሚያገግሙበት ግቢ እሄዳለሁ። አዎ፣ ወንድምሽ በሕይወት ሳለ፣ አባባ አንድ ቀን ብቻ መጥተህ ከታካሚዎቹ ቤተሰቦች ጋር ተቀመጥልኝ እያለ ሲለምነኝ እግሬን ያላነሳሁበት ግቢ። ዛሬ የምጠይቀው ሰው ሳይኖረኝ እሄዳለሁ። ዘበኛው መጀመሪያ ማንን ፈልገው ነው አለኝ። ማንንም አልኩት። ትንሽ አየኝና በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ግቢ ስሜ “የማንም አባት” ሆኗል። ወንበሮቻቸው ይወላገዱ ነበር፤ እግር እግራቸውን አስተካክዬ ቸነከርኩላቸው። አሁን ማን ደፍሮ ያስወጣኛል?

ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት። አማካሪዋ ልጅ እግር ናት፣ አንቺን ታክላለች። ሱስ በሽታ ነው፣ እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት ነው ትላለች። እኔ ዝም ልል ነው? የስኳር በሽተኛ የአባቱን መላጊያ ሰርቆ አይሸጥም አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከቃሏ ግን ፈቀቅ አላለችም። ያን ጊዜ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ፣ መጠጥ ጥርሱን የጨረሰው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ።

“አባባ፣ እኔ ጫማዬን ከእግሬ አውልቄ ሸጬ ጠጥቻለሁ” አለኝ። “እግሬ ተው እያለኝ ነው የሸጥኩት። አልሰማሁም አልልም። እየሰማሁ ሸጥኩ። ይሄን ምን ይሉታል?”

እጄን ሰድጄ የተቀመጠበትን ወንበር እግር ፈተሽኩ። 

እናቶቹ በሽታ ነው ሲባሉ ያለቅሳሉ፤ እፎይ ብለው ነው የሚያለቅሱት። እንግዲህ የልጃቸው ጥፋት አይደለማ። እኔን ግን ያ ቃል እንደ ዛገ ሚስማር ነው የገባብኝ። ምርጫ ነው ካልኩ ልጄ በገዛ እጁ ተዋርዶ ሞተ። በሽታ ነው ካልኩ ደግሞ በበሽተኛ ላይ በር ተዘጋ። ከሁለቱ የቱን ልያዝ?

በሽታ ነው ትይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ገበታ ላይ ስንጨቃጨቅ፣ አባባ በስድብ አይድንም ትይኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወንድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ይተው እል ነበር። ለእሱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፦ አንዲት ጠብታ ሳትቀምስ ና፣ ያን ጊዜ ልጄ ነህ። ለአንቺም፣ ጠጥቶ ከመጣ እንዳትከፍቺለት አልኩሽ። የበራችንን መወርወሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ትእዛዙም የእኔ ነው። አንቺ የአባትሽን ቃል ጠበቅሽ።

ያን ቀን የሆነውን አንድ ጊዜ ነው የነገርሽኝ፤ አልደገምሽውም። አንኳኳ። እህቴ ክፈቺልኝ አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። እጀታው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከውስጥ ይሰማሽ ነበር። ሰክሯል ብለሽ አልከፈትሽም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ መንገድ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ ሰው ደረሰ፤ ምንም ሊያደርጉለት ግን አልቻሉም።

ይህንኑ ለአማካሪዋ ነገርኳትና ጠየቅኳት። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ሊሞትም ይችላል አለችኝ። ላየው ሰው የሰከረ ይመስላል እንጂ አልሰከረም አለችኝ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም መጠጥ አላገኘሁበትም ብሎ ነበር፤ እኔ ያኔ ጆሮ አልሰጠሁትም። ልጄ፣ ወንድምሽ ያን ቀን ትቶ ነበር የመጣው። እኔ ያልኩትን አድርጎ። ምርጫ ነው፣ ምርጫ ነው ስል ኖርኩ፤ ልጄ አንድ ቀን ቢመርጥ መምረጡ ገደለው።

ይህን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ነው ያወቅሽው። የተማርሽው ነው። ካፖርቱን የጣልሽውም ለዚህ ነው። አሁን ገባኝ።

እንግዲህ እስከ ዛሬ በሆዴ የያዝኩትን ልንገርሽ። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ መጋዝ ረስቼ ቤት ተመልሼ ነበር። በጓሮ በኩል ስለሆነ አንቺ አላየሽኝም። ወንድምሽ አጥሩ ጋ አገኘኝ። ፊቴ ቆሞ፣ አባባ ትቻለሁ አለኝ። አፉን አሸተትኩት። መጠጥ የለበትም። ሲንቀጠቀጥም በዐይኔ በብረቱ አየሁት። ገና ነህ፣ ሂድ አልኩት። አውቄ ነው ያባረርኩት። አንቺ በር የመጣው ከእኔ ተባሮ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ፣ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ከበር ጀርባ ሆነሽ ምን ይታይሻል? ሳንቃው ሦስት ጣት ይወፍራል፤ የላግኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

አንቺ ሴትዮ፣ ምን ታዪኛለሽ? ጻፊ እንጂ። ልጄ፣ ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጋዙ ያን ቀን ከቤቴ አልወጣም፣ እርስዎም አልወጡም ትለኛለች። አርጅታለች፣ ትረሳለች። እኔ በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ። ይኸው ዐይኗን እየጠረገች መጻፍ ጀመረች። ጉንፋን ይዟታል።

ስለዚህ ወደ ሥራሽ ተመለሺ። እጅሽ አላጠፋም። መጥላት ካማረሽ እኔን ጥዪኝ፤ ትከሻዬ ሳንቃ ሲሸከም የኖረ ነው፣ ይችለዋል። ብቻ እየጠላሽኝ ብዪ፣ እየጠላሽኝ ተኚ።

ስትመጪ በሩ እንግዳ እንዳይሆንብሽ። መወርወሪያውን አልነቀልኩትም፤ ቤት ነውና መዘጋት አለበት። ሳንቃው ላይ ግን የመዳፍ ስፋት ያላት መስኮት ቆርጬ መስታወት ገጥሜባታለሁ፤ ውጭ የቆመውን ሰው ፊቱን ታሳያለች። ሽማግሌው ደህናውን በር አበላሸው ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። የጓዳው መቃን ላይ ቁመትሽን እየለካሁ በመሮ የጫርኩልሽ ምልክት አለ አይደል? ከላይኛው ምልክት ወርጄ፣ በአንቺ ዐይን ልክ ነው የቆረጥኳት። እኔ በእሷ ለማየት ጎንበስ ማለት አለብኝ። ከሥራ ስመለስ፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። የምታስሪው ቁስል ሁሉ ይሻር። ከእኔ የወረስሽውን ግትርነት ለደግ ያድርግልሽ። በሰው አገር ክፉ አይንካሽ።

እዚያ ግቢ የማንም አባት ቢሉኝም፣

አባትሽ