ሥጋ የሌለበት ሰርግ

ሰኞ፣ ጥር 5፣ ከጠዋቱ 4 ሰ.

ደብተሬ፣ ከነጋ ሦስት ሻርፕ ሸጫለሁ። ሦስቱንም በራሴ ላይ ጠምጥሜ እያሳየሁ። ዱባይ ተራ ውስጥ ሒጃብ ሻጭ ሞልቷል፤ ራሷ ጠምጥማ የምታሳይ ክርስቲያን ግን እኔ ብቻ ነኝ። ማተቤ ከሥር፣ ሒጃቡ ከላይ። ደንበኞቼ ይስቃሉ፣ ይገዛሉም። ዛሬ አንዷ በስልኳ ቀረጸችኝ። አምሮብኝ ነበር፣ አልክድም።

ነስሩ ከላይኛው ፎቅ ወርዶ ወሬ ነገረኝ። ጫማ ይሸጣል፤ ስድስት ዓመት ጎረቤቴ፣ ሁለት ዓመት ፍቅረኛዬ። ወረዳው ቀን ሰጥቶናል፦ ዓርብ፣ ጥር 23። እሱ በሃይማኖቱ፣ እኔ በሃይማኖቴ፤ ፊርማው በሕግ ፊት። እማዬ እያለቀሰችም ቢሆን እሺ ብላለች። የቀረው ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ነው። እሁድ ጥምቀት ስለሆነ ልቡ ይራራል፣ ያን ቀን እነግረዋለሁ።

ደስ ብሎኛል። ያለ ምክንያት ሻርፕ አጥፌ እንደገና እዘረጋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ይበልጣል ከዓምና ጀምሮ የሚውልባቸው ልጆች ገጽ ላይ። ሃይማኖት ጠባቂ ነን ባዮች፤ መሀላቸው አንድ ቄስ አይቼ አላውቅም። ከሥሩ የጻፉት፦ የጎጃም ልጅ ማተቧን በጥሳ ሰለመች። በሳቅ ፈነዳሁ። ማተቤ በሻርፕ ተሸፍኖ እንዴት ይታይ? ነስሩ ግን አልሳቀም።

ቆይቶ የይበልጣል የድምፅ መልእክት መጣ። በታቦት ስም ምሏል። ቤተሰቡን አዋርጄ ከምኖር በገዛ እጁ እንደሚገድለኝ። ሁለቴ ሰማሁት። ልጅ ሆኜ እሽኮኮ አድርጎኝ በርበሬ በረንዳን የሚያቋርጥ፣ እኩል እያስነጠስን የምናልፍ ወንድሜ ነው። ድምፁ ያው ድምፅ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ፖሊስ ጣቢያ ዋልኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት አለኝ። አልተነሣሁም። አጠገቡ ያለችው ሳጅን መልእክቱን ከስልኬ ሰማችው። ይህ ዛቻ ነው፣ ዛቻ ደግሞ ወንጀል ነው አለችና ወረቀት አወጣች። ቃሌን ሰጥቼ ፈረምኩ።

ነስሩ ሲኒማ ራስ ድረስ ሸኘኝ። ታክሲ እስኪሞላ አብሮኝ ቆመ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ይበልጣል ተያዘ። የሕንፃችን መግቢያ ላይ እኔን ሲጠብቅ። ጃኬቱ ውስጥ ቢላ ተገኘ።

ሱቄን አልዘጋሁም። ሰው ሲገባ ሻርፕ ጠምጥሜ አሳየሁ። ቋጠሮው ግን አልይዝ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ጨፈርኩ፤ እግሬ አብጧል። ያን ያህል እጨፍራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከነስሩ ጋር ስንገናኝ እንደ ዶሮ ሳነክስ አይቶ ከሳምንት በኋላ ዛሬ ገና ሳቀ።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ምንም አልቀባቡልኝም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጋብቻ አትባርክም፤ ከቁርባንም እርቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት፣ ግን ከአፋቸው ስሰማው አለቀስኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። ልረግምሽ ግን አይቻለኝም፣ ልጄ ነሽ አሉኝ።

ጣቢያ ሄደው ይበልጣልንም አይተውታል። የነገራቸውን አልነገሩኝም፣ ንስሐ ነውና። እሳቸው ያሉትን ብቻ፦ በታቦት ስም ለደም የማለ ሰው መሐላውን ማፍረስ ነው ግዴታው። ጾምና ስግደት ሰጥተውታል። ደግሞም ለካህን ያለውን ለሕግም ሳይሸሽግ እንዲናገር አዝዘውታል።

ረቡዕ፣ ጥር 14፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬ የሳቅኩትን ሳቅ የት ላስቀምጠው?

እማዬና የነስሩ እናት እትዬ ዘይነባ ስለ ድግሱ ሊነጋገሩ ተቀመጡ። በሬውን ማን ይባርክ? እማዬ የእስላም ሥጋ አትበላም፤ እትዬ ዘይነባ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ሁለት በሬ ተባለ። ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ድንኳን፣ መሀሉ ላይ መጋረጃ። ነስሩ እኔና እሱ በየትኛው በኩል እንደምንቀመጥ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ በትሕትና ተጨቃጨቁ። እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ።

በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ቀኑ መቼ ነበር አለች። ዓርብ አልኳት።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዓርብማ ጾም ነው።»

 ከዚያ እትዬ ዘይነባ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እማዬም ተከተለቻት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። አንድ ድንኳን፣ አንድ ማዕድ፣ ማንም የማንንም አይጠየፍም። ጥር ሙሉ ከተማው በሬ ሲጥል እኛ ምስር ልንቀቅል ነው። ሥጋ ወዳዱ ነስሩ ብቻ ፊቱ ወደቀ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ። እማዬ ናት ይዛቸው የመጣችው። ቃልሽን አላልተሽ ስጪ ነው ነገሩ፤ በቁጣ የተባለ ነው፣ ወንድሜ ነው፣ አልከስም በይ። እሱ ንስሐ ገብቷል፣ አንቺም ክርስቲያን ነሽ፣ ይቅር ማለት ያንቺ ነው። ደብተሬ፣ ምን ትላለህ ለዚህ? እማዬ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ አልኩ።

ነስሩ የፈለግሽውን አድርጊ ይለኛል። ተናደድኩበት። የፈለግኩትን ባውቅ እሱን እጠይቀው ነበር?

ሐሙስ፣ ጥር 22፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ይበልጣልን ልጠይቅ ሄድኩ። ከስቷል። አንገቴ ላይ ማተቤን ሲያይ ፊቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ለሳጅኗ ሁሉንም ተናግሯል፤ ቢላውን፣ ቦታውን፣ አይዞህ ያሉትን ልጆች ስም ሳይቀር። ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ክሱን አታንሺው» አለኝ። «አንቺን ሳልጠይቅ እነሱን ያመንኩ ሰው ነኝ። ነገ ስፈታ እነዚያ ልጆች ይመጣሉ። መዝገብ አለብኝ ብዬ የምሸሻቸው ምክንያት ይኑረኝ።»

ትንሽ ቆይቶ የሰርጉን ነገር ጠየቀኝ። የበሬውን ጭቅጭቅ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። እውነቴን ነው። ስወጣ ግን ገባኝ፤ ለካ ስሙን እየጠራሁ ያወራሁት ሊገድለኝ ከነበረ ሰው ጋር ነው።

ዓርብ፣ ጥር 23፣ ከጠዋቱ 2 ሰ. ተኩል

ለእማዬ ነገርኳት። ይቅርታው የኔ ነው፣ ሰጥቻለሁ። ቃሌ ግን አይለወጥም። እሱ ራሱ ያለውንም ነገርኳት። አኮረፈች፣ ጓዳ ገባች። ሽሮው ሲያርርባት ጊዜ ወጣችና እየተቆጣች ቀሚሴን ከኋላ ቆለፈችልኝ። እጇ ጀርባዬ ላይ ቆየ።

ሰኞ ችሎት ነው። ቆሜ የሰማሁትን በሙሉ እናገራለሁ፣ አንድ ቃል አልቀንስም። ዛሬ ግን ሙሽራ ነኝ። ነስሩ ታች ክላክሱን ለቆታል፣ ጎረቤቱ በሙሉ በየመስኮቱ ወጥቷል፣ እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ እልል እያለች ነው፣ እኔ ደግሞ አንደኛው ጫማዬ የት እንደገባ አላውቅም።