ከፍሬኑ ስር የገባው ላስቲክ

ወንድም ዓለም፣
ከዚህ በታች አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ።

አውቶቡሱን እንዳታስነሳ! ወረቀቱን ደጃፍህ ላይ ካለው ጫማህ ውስጥ የከተትኩት ያለ ጫማ ስለማትወጣ ነው።

ትላንት ያንን ድምፅ የሚያፍን ላስቲክ ብቻዬን ከወለል እስከ ጣሪያ ለጠፍኩልህ። አምስት ሰው በሳምንት የማይጨርሰውን በግማሽ ቀን! ያ እንደ አንበሳ የሚያገሳው የናፍጣ ሞተር አሁን እንደ ተኛች ድመት ነው። ሻጩ አንድ ንብር ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ለጆሮህ ብዬ ሦስት ደረብኩ። ሦስተኛው ፍሬኑ ስር ገብቶ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ አይወርድም። ማስቲሹም ደርቆ አልላቀቅ ብሏል።

ሃምሳ ሰው ነው የምትጭነው።

በርህን ግድግዳው እስኪነቃነቅ አንኳኳሁ፣ አልሰማህም። ያ ሞተር ጆሮህን... ተወው።
«ያወራኸውን ያህል ብትሠራ የት በደረስክ» ያልከኝን ግን እኔ ሰምቻለሁ።

ትልቁ ጋራዥ ሄጃለሁ። እኔን ሲያዩ ሥራቸውን ጥለው የሚነሱ አሥር መካኒኮች ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቁልፉን አትንካ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ።

ታላቅህ


ልጄ፣ እናትህ ነኝ። ወንድምህ ላስቲኩን የለጠፈው መንጃው ጋ፣ ከእግርህ ስር ብቻ ነው። በርህንም አላንኳኳም፤ እጁን አንስቶ ትንሽ ቆመና ተመለሰ። ጋራዥም አልሄደም። ግቢ ውስጥ ነው፤ አውቶቡሱ ወለል ላይ ተንበርክኮ በሽንኩርት ቢላዬ እየፋቀ ነው። ጫማህን አድርግና ድረስለት።