ሁለት ኢንች ቀና ያለች ቤት

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እህት ዓለም? ጤናሽስ? ባልሽስ ደህና ነው? አሁንም ሲተኛ እንደ ትራክተር ያጓራል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጥርሶቼ ሁሉም አሉ፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ተሸርፏል፤ ምክንያቱን ባትጠይቂኝ ይሻላል። ደግሞ አደራ፣ ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪና አንብቢ። ትምህርት አስረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት የቤት ሥራዬን የምትሠሪልኝ አንቺ ስለተለየሽኝ ነው፤ ስለዚህ ከስህተቱ ግማሹ ያንቺ ነው።

አባባም ደህና ነው። እንደማትጠይቂ ስለማውቅ ሳትጠይቂኝ ነገርኩሽ።

እማማን በቀበርን በሳምንቱ አንቺን ባዶ ቤት ውስጥ ትቶ፣ እኔን ጭኖ፣ ተጎታች ቤታችንን እየጎተተ ወደ አሪዞና መውረዱን ይቅር እንዳላልሽው አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያ በረሃ ካቆማት ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ክንድ አላንቀሳቀሳትም። ጎረቤቶቻችን ብርድ ሲመጣ መጥተው ሙቀት ሲመጣ ይሄዳሉ፤ እኛ እንደ ቁልቋሉ እዚያው ነን። ዘንድሮ የካቲት ላይ ግን አሮጌዋን ፒክአፕ ሸጠና ሌላ ገዝቶ መጣ። «ወደ አይዳሆ እንወጣለን» አለኝ። አይዳሆ ውስጥ የት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እዚያ የምናውቀው ሰው አንድ ነው።

ችግሩ የአዲሷ መኪና ቁመት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ኦፓል ለመሳፈር ወንበር ይፈልጋሉ። ቤታችን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ እንደ ሌሎቹ ከኋላ መንጠቆ ላይ አትንጠለጠልም፤ አንገቷን የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ፣ ካሶኒው ውስጥ ነው የምታሳርፈው። መኪናዋ ከፍ ካለች ቤቷ አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ ክብደቷን ሁሉ የኋለኛው ጎማ ላይ ትጥላለች። አንገቷ የሚያርፍበትን ብረት፣ ማሳረፊያውን፣ በጣም ዝቅ ካደረግሽው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘሽው ጉድጓድ ላይ አንገቷ ከካሶኒው ጎን፣ ከስፖንዳው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ልኩ አንድ ነው፤ እሱን ማግኘት አለብሽ።

ማሳረፊያውን የሚበይድልን ጋሽ ቨርነን የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። መኪናዋ ባዶዋን ሳለች የሚለካ ሞኝ ነው አሉን፤ የቤቷ አንገት ሲያርፍባት ባሌስትራው ስለሚተኛ ዝቅ ትላለች። አንገቷ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ፓውንድ ይመዝናል። እሱን የሚያህል ነገር ካሶኒው ላይ ጭነን እንለካ፣ አንዴ ከበየድኩት ግን ማንም ቢለምነኝ አልነቅለውም ብለው ማሉ።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ሰው እንጫን! አባባም ሳቅ አለ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ እየዞርኩ ጠራሁ፤ ክብደታቸውን በወረቀት እንዲጽፉልኝም ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። የጻፋችሁት በሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ይነበባል ብዬ አስወራሁ። ለመሳቅ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አሥራ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት ካሶኒው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ አንዱ መኪናዋ ሳትነሳ መንገዱን ይመራል። ወረቀቱን ደመርኩ፤ ልክ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። አባባ ለካ፤ ጋሽ ቨርነን በየዱ።

በነጋታው ተነሳን። ቤቷ ከፊት ሁለት ኢንች ያህል ቀና ብላለች። አባባ በመስታወት አየት አደረጋትና መንዳቱን ቀጠለ። ሠላሳ ማይል ሳንሄድ የቤቷ የኋለኛው ጎማ ግሎ ፈነዳ። መንገድ ዳር ቆመን ጎማውን ቀየርንና ወደ ነበርንበት ተመለስን። አባባ ውሃ ልኩን የቤቷ ወለል ላይ አስቀምጦ መሃል አልቆም ያለችውን የአየር ጠብታ ብዙ ሲያያት ቆየና «አልገጠመም። በቃ ይቅር» አለ።

እህቴ፣ ስንት ተንኮል ሠርቼ አንድም ቀን እንደዚያን ቀን አልተጸጸትኩም። ድምፅ ማጉያውን ነገርኩት። ሰዎቹ አፍረው ክብደታቸውን ቀንሰው ጽፈዋል፤ መኪናዋ ከሚገባው በላይ ተጭናለች፤ ከሚገባው በላይም ዝቅ ብላለች። እሱ ተሳስቶ ሳይሆን እኔ አሳስቼው ነው።

አባባ ቀና ብሎ አየኝና «ኦፓል ስንት ብላ ጻፈች?» አለ።

«መቶ አሥር።»

ከእማማ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ዓይኑን ጠረገና መሬት መሬት እያየ፣ «ጎማው ፈንድቶ ስንመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፈርቻለሁ» አለኝ። «እህትህ በሯን ብትዘጋብኝ እውነቷን ነው። ግን እሷ ዘግታብኝ ልመለስ እንጂ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ አልመለስም።»

ቃል በቃል የጻፍኩልሽ ይኼን ብቻ ነው።

ጋሽ ቨርነን እየተሳደቡ የማሉበትን ነቀሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሰው አልጫንኩም፤ መደብር ሄጄ አሸዋ በከረጢት አስመዝኜ ተሸከምኩ፤ ቅጣቴ እሱ ነበር። በአሸዋው ለክተን እንደገና በየዱት። አሁን ጠብታዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች።

አሁን ፖስታው ላይ ቴምብሩን ፈልጊ። የለም አይደል?

ከከተማችሁ ድልድይ ማዶ፣ የእህል መደብሩ ፊት ቆመናል። አባባ ዛሬ ሁለቴ ተላጭቷል። እኔ ዶናት ልገዛ የሄድኩ ነው የሚመስለው። ይህን ደብዳቤ በርሽ ሥር ሰድጄ ጥግ ላይ እጠብቃለሁ። ትልቁን የግቢ በር ከከፈትሽው አባባን ይዤ እመጣለሁ። ካልከፈትሽው ግን ግቢዋ ተዳፋት ነው፣ ቤታችን ቀጥ ብላ አትቆምም እለዋለሁ። ውሸት እንደምችል ታውቂያለሽ። እሱም ያመነኝ ይመስላል፤ አንቺም ሳትጨነቂ ቁርስሽን ትበያለሽ።

የፈለግሽውን ብታደርጊ አልቀየምሽም። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ደጅሽን የሰላም ያድርገው፤ ለባልሽም እንቅልፉን ጸጥ ያድርግለት።

ዶናት አራት ነው የገዛሁት።

ታናሽ ወንድምሽ