በቁመትሽ ልክ የተቆረጠ በር

ልጄ አሪየት፤

አንቺ ከሄድሽ ባሮ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጎደለ። በወረቀቱ ቀን መቁጠሪያ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ አንድ ወር ተኩል ይቀረዋል፤ እኔ ግን እንደ ድሮዬ በወንዙ ነው የምቆጥረው። ዛሬ ውሃው ወርዶ አሸዋው መታየት ጀምሯል። እንዲህ ባለው ቀን ነበር ዘር ይዘን ወደ ዳር የምንወርደው፤ አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

የምጽፍልሽ አንቺ ባስተማርሽኝ ፊደል ነው። በቋንቋችን ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ፊደሉ ከአማርኛው ጋር አብሮ ስለገባኝ እጄ ብዕር ሲይዝ የሚመጣለት አማርኛው ነው። መሠረተ ትምህርት ስታስተምሪን ከሰው መሀል ተቀምጬ «ልጄ» ብዬ ስጠራሽ፣ ቆጣ ብለሽ እዚህ መምህር ነኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ቤት ስንገባ ግን መምህርነትሽን ደጅ ትተሽ ጉልበቴ ላይ ተጋደምሽና ጸጉሬን ሥሪኝ አልሽ።

ከሁሉ በፊት የምነግርሽ ቤትሽ መቆሙን ነው። ያ ከላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ አድርገሽ የተውሽው ቤት ዛሬ ግድግዳም፣ ወለልም፣ በርም አለው። ይህንንም የምጽፈው ውስጡ ተቀምጬ ነው።

ያን ክረምት ባሮ ግቢያችን ገብቶ የኋላውን ግድግዳ ሲወስደው እኔ አለቀስኩ፤ አንቺ አላለቀስሽም። ወረቀት ፈልገሽ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍሽ። ቦታውን በስምሽ ሲሰጡሽ እየሮጥሽ መጥተሽ እጄን ይዘሽ ወደ ጉብታው ወሰድሽኝ። ቦታው ትንሽ ነው። በረጃጅም እግሮችሽ ለክተሽ ከዳር እስከ ዳር አሥራ ስድስት እርምጃ ነው አልሽኝ። እኔ ስለካው ሃያ ሁለት ሆነ። እንግዲያው ባንቺ እርምጃ ከኖርንበት ይሰፋል ብለሽ ሳቅሽ።

ያኔ በበሩ ተጣላን። አንቺ በሩ ረጅም ይሁን አልሽ። እኔ ደግሞ የእናቴም የአያቴም ቤት በሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ነፋሱም ትንኙም ይቀንሳል አልኩ። አንቺ ዝም አላልሽም። ግንባርሽን እያሳየሽ፣ ይህ ሁሉ ጠባሳ የአያቶቼ በር ያተረፈልኝ ነው አልሽ። እኔም ተናድጄ፣ ጎንበስ ማለት የከበዳት ልጅ እግዚአብሔርንም አትለምንም ብዬ ተናገርኩሽ። ዛሬ ያን ቃል ባላወጣሁት እላለሁ። አንቺ ግን አልተቀየምሽም። «ሲያልቅ ከውስጥ ቁጭ ብለሽ ትፈርጂኛለሽ» ብቻ ነው ያልሽኝ። ከዚያ ከበሩ ምሰሶ ጋር ቀጥ ብለሽ ቆምሽና በቢላዋ ከራስሽ በላይ ምልክት ቆረጥሽ። ለሻሼ ብለሽም አንድ ጣት ጨመርሽበት።

ሌላው ጠባችን የመውጫው ቀን ነበር። አንቺ ጣሪያው እንደተከደነ ዛሬውኑ እንውጣ አልሽ። ግድግዳው ከውስጥ ሆነን ይመረጋል፤ ታች ትንኙ በዝቷል፤ ውሃው ከሸሸም በኋላ ኩሬው አልደረቀም አልሽ። እኔ ግን በቆሎውን ዳር ላይ ዘርተን ነበር። ገና ጉልበት አልደረሰም። ትቼው አልሄድም አልኩ። ይህቺን አንዲት መከር ሰብስቤ፣ ከዚያ ወደምትዪው እወጣለሁ አልኩሽ። እኔን ብቻዬን ትተሽ መውጣት ስላልቻልሽ አብረሽኝ ቀረሽ። ማለዳና አመሻሽ ላይ በቆሎው መሀል ቆመሽ ወፍ ትጠብቂልኝ ነበር።

በጥር ወባው ያዘሽ። ከዚህ በፊትም ይዞሽ ያውቃል፤ ኪኒን ውጠሽ በሦስተኛው ቀን ትነሺ ነበር። በዚህኛው አልተነሳሽም። ሐኪሙ የቻለውን አደረገ። በቆሎው ገና እሸት ነበር።

አንዲት መከር ነው የጠየቅሁት ልጄ። እሷንም አልበላኋት። በአራተኛው ሳምንት ወርጄ ሳይ ወፉ ጨርሶት ነበር። ከቅጠል ሥር ተደብቀው የተረፉ አምስት ራሶች አገኘሁ። ሽፋናቸውን አስሬ ከእሳቱ በላይ ጣሪያው ላይ ሰቀልኳቸው። አንቺ የጠበቅሻቸው ናቸውና ማንም እንዳይነካብኝ።

ከዚያ በኋላ አሥር ወር ያህል ጉብታውን ቀና ብዬ አላየሁትም። በፈረሰው ቤት በቀረው ግድግዳ ተጠግቼ፣ አንቺ ከተቀበርሽበት ሾላ አጠገብ ኖርኩ። ክረምቱ መጥቶ ውሃው ሲሞላ ዘመዶች ዘንድ ሄድኩ፤ ሲጎድል ተመለስኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር የመጣው ያኔ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱን ስሟን መጻፍ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ነገረኝ። እስከሚመጣው ዝናብ ድረስ ሰው ያልገባበት ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ስምሽም ከመዝገቡ ይሰረዛል አለኝ።

ስለ መሬቱ ቢሆን ዝም እል ነበር። ስምሽ ይሰረዛል ሲለኝ ግን እገባበታለሁ አልኩት። መቃብርሽ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ስምሽ በቀለም ተጽፎ የቀረው እዚያ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። በማግስቱ አምስቱን በቆሎ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

አሁን የምነግርሽን ብትሰሚ ትስቂብኝ ነበር። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ባሮ ጎድሎ ነበር፤ ባሮ ሲጎድል ደግሞ ይዘራል። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቤቱን ሳልነካ በመጀመሪያ መሬቱን ቆፍሬ ያንቺን በቆሎ ዘራሁ። አራቱን ራስ ፈልፍዬ ጨረስኩ። በሳምንቱ በቀለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከወንዙ በእንስራ ውሃ እየተሸከምኩ በቀን አራት ጊዜ ያን አቀበት ወጣሁ። መሬቱ ይጠጣል፣ በቆሎው ይጠወልጋል።

ከአጥሩ ወዲያ አዲስ ጎረቤት አለች፤ አንቺ አታውቂያትም። ዘይነባ ትባላለች። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ናት፤ ባሏ ይመር አናጢ ስለሆነ ከሰፈራው ወደ ከተማ አምጥተውታል። ስወጣና ስወርድ ብዙ ቀን አየችኝ። በመጨረሻ እንስራውን ከራሴ ላይ ተቀብላ አወረደችና፣ «እቴ፣ ይህ መሬት ከላይ ነው እንጂ ከታች አይጠጣም» አለችኝ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው እዚህ የሚዘራው አለች። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወንዝ ከሥሩ የሚያጠጣውን መሬት ሳርስ ኖሬ፣ ወንዙ የማይደርስበት ቦታ ላይ የወንዙን ቀን ጠብቄ ዘራሁ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማን ዘር እንደነበረ ነገርኳት።  ከዚያ የራሷን አወራችልኝ። እሷ ደግሞ በመጡበት ዓመት ዳሩ ላይ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ስታየው፣ ሰው ይህን ያህል መሬት ጦም ማሳደሩ ምን ዓይነት ስንፍና ነው ብላ፣ ሰኔ ላይ ማሽላዋን ዘራችበት። በነሐሴ ባሮ መጥቶ ማሽላውንም፣ መሬቱንም፣ ተክላው የነበረውን አጥር ሳይቀር ይዞ ሄደ። ይመር እስከዛሬ ማሽላችን ሱዳን ደረሰ እያለ ያበሽቃታል። ሳቅሁ ልጄ። ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሳቄን ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ። ምን ተረፈሽ አለችኝ። አንድ ራስ አልኳት። አንድ ራስ ብዙ ነው አለች።

በበጋው ቤቱን ያዝነው። ምስጥ ጣሪያሽን ከግማሽ በላይ በልቶታል፤ ከምሰሶዎቹም ሁለቱን ጨርሷል። የበሩ ምሰሶ ግን ደህና ነበር። አዲስ ሣር አጨድን። ለግድግዳው ጭቃ ከጀርባ ያለውን ኩይሳ ንደን አፈሩን አመጣን፤ ጣሪያችንን የበላው ምስጥ ግድግዳችንን ሰጠን። ከድሮ ተማሪዎችሽ አምስቱ መጥተው ጭቃውን በእግራቸው ረገጡልኝ። ወለሉን እኔ ራሴ በመዳፌ አለሰለስኩት፤ ከአንደኛው ማዕዘን ጀምሬ ወደ ደጁ፣ አንቺ እንደምትወጂው፣ ባዶ እግር ሲረግጠው እንዲቀዘቅዝ። ማዕዘን ያለው ቤት አልወድም ብዬሽ ነበር፤ አሁንም አልወደውም፤ ግን መጥረግ ለምጃለሁ።

በሩ ቀረ። ይመር መጋዙን ይዞ መጣና ምን ያህል ላድርገው አለኝ። ዝቅ ብናደርገው ሳንቃው ይበቃናል፣ የሀገሩም ልማድ እንደዚያ ነው አለ። እኔም ልክ ነህ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ምሰሶውን በእጄ ስዳስስ ምልክትሽን አገኘሁት። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ጫፍ ነው የደረስኩበት። እዚህ ጋ አልኩት። ቀና ብሎ አየና ይህን ያህል ረጅም ሰው ማን ነው አለ። ዘይነባ ክንዱን ያዘችው። እኔ ግን መለስኩለት፤ ልጄ ናት አልኩ። ይመር እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ምልክትሽ ላይ አሰመረበት። «እንግዲያው አናስጎነብሳትም» አለ። የጎደለውን ሳንቃ ከራሱ ቤት አመጣ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲይዝ የቀረውን አንድ ራስ ዘራሁ። ዘይነባ ከጎኔ ቆማ ፍሬ በፍሬ አስቆጠረችኝ። ከአጥሩ ሥር ባሚያና ዱባ አደረግሁ፤ አንቺ ማንጎ ያልሽበት ቦታ ላይ ማንጎ ተከልኩ፤ አሁን ጉልበቴ ይደርሳል። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየ። መዝገቡን ገልጦ ስምሽን ሳይሰርዝ ከሥሩ የእኔን ጻፈ። ብዕሩን ለምኜው ስሜን ራሴ ፈረምኩ። ጣት አላተምኩም።

መንግሥት የዘጋው ጸሎት ቤታችን አሁንም እንደተዘጋ ነው። እሁድ እሁድ ስድስት ሰባት ሆነን እዚሁ ቤትሽ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ዝማሬውን በለሆሳስ ነው። ዘይነባ ሙስሊም ናት። እኛ ስንጸልይ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ የማታውቀው ሰው ወደዚህ ሲመጣ ጮክ ብላ ትስላለች። አንድ ቀን የእውነት ጉንፋን ይዟት ጸሎቱን ሦስት ጊዜ አቋረጠችን።

አሁን ፍርዴን ልንገርሽ። በሩ በተሰቀለ በማግስቱ ጠዋት ወለሉ ደርቆ፣ መቀመጫ ዱካዬን አስገብቼ ከቤቱ መሀል ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነበር። ዝቅ ያለ በር ቢሆን ኖሮ ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ የደጁ አፈርና የሚያልፍ ሰው እግር ነበር። ባንቺ በር ግን ከአጥሩ በላይ ባሮ ከነዳሩ ታየኝ። ውሃው፣ አሸዋው፣ በቆሎ የምንዘራበት ቦታ ሁሉ። ለራስሽ ግንባር ብለሽ የምትከራከሪ መስሎኝ ነበር። ወንዜን ትቼ አልወጣም ስላልኩሽ፣ ወንዜን በቤቱ ውስጥ ልታስገቢልኝ ኖሯል። የወንዙን መታየት አስበሻል፤ ሾላውም አብሮ እንደሚታየኝ ግን አላወቅሽም። ከዱካዬ ሳልነሳ ራስጌሽን አያለሁ።

ፈርጃለሁ ልጄ። አንቺ ነሽ ልክ። በበሩም፣ በመውጫውም ቀን።

በመስከረም ከአትክልቱ ሃያ ዘጠኝ ራስ በቆሎ ሰበሰብኩ። ይህን መከር በላሁ፤ ለዘይነባም ሰጠሁ፤ ጭቃ ለረገጡት ተማሪዎችሽም ጠብሼ አበላሁ። የመጀመሪያውን የደረሰ ራስ ግን ለዘር አስቀርቼዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ እንደዚህ አደርጋለሁ፤ ሰው ሁሉ በልቶ ይጠግባል፣ አንዱ ራስ ያንቺ ይሆናል፤ ስዘራውም ስምሽን ጠርቼ ነው። እኔ ስሄድ ደግሞ ዘይነባ እንድትረከበኝ ነግሬያታለሁ።

ያን የዘር ራስ በሽፋኑ አስሬ ከበሩ በላይ፣ ምልክትሽ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ለመስቀልም ለማውረድም እኔ ዱካ ላይ መውጣት አለብኝ። አንቺ ብትሆኚ በእጅሽ ታወርጂው ነበር።

እናትሽ