የሠላሳ ዓመቱ ትንበያ እና የእኅቴ ግድግዳ

ለክቡር የግንባታ ቁጥጥር ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎና በተለይም ለመኖሪያ ቤትዎ መሠረት ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔና ታላቅ እኅቴ ዕድሜ የፈቀደልንን ያህል ደህና ነን፤ ብዕር ያስነሣኝ የቤታችን ጤና ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ቀደም ብዬ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች በጽሕፈት ቤትዎ በክብር መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ በስልክ አረጋግጠውልኛል፤ አንድም ሰው እጁን አላሳረፈባቸውም። ይህኛው ግን በብዙ እጅ ተነካክቶ ትንሽ ቢቆሽሽ ግድ የለኝም ብዬ ነው ለሕዝብ የሰጠሁት።

በቅርቡ ከየአገሩ የመጡ እንግዶችን ሰብስበው ስለ ዓለም የግንባታ ኢንዱስትሪ የረጅም ጊዜ ተስፋ ያደረጉትን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሬዲዮ ተከታትለነዋል። በመጪዎቹ ሠላሳ ዓመታት ከተሞች እንደሚሰፉ፣ ጡብ የሚደረድሩ ማሽኖች እንደሚመጡ፣ የእጅ ባለሙያው አርጅቶ ተተኪ እንደሚያጣ፣ ሙቀቱና ጎርፉ ስለሚበረታም ሕንፃዎች ሁሉ በሌላ ዘዴ እንደሚታነፁ በሚያምር ድምፅ አስረዱን። ዘርፉ ያድጋል አሉ። እኛ በተማርንበት ዘመን የሒሳብ መምህራችን «ያድጋል» ብላ የመለሰችን ተማሪ፣ ምን እንደሚያድግና ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሚያድግ እስክትናገር ድረስ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ያቆሟት ነበር። እርስዎን ግን ማን ያቆምዎታል? እንግዶቹም አጨበጨቡ።

ንግግርዎ መካከል ላይ ሲደርስ ከግድግዳችን ማዶ ጉድጓድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ሥራ ጀመረና የመስኮቱ መስታወት ይንዘፈዘፍ ጀመር። እኅቴ ከአልጋዋ ሆና «ዝጊው ባክሽ፤ መጪውን ጊዜ ያለ ሬዲዮም እየሰማነው ነው» አለችኝ። እኔ ግን አልዘጋሁትም፤ ባለሥልጣን ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህም ንግግርዎን ጨርሼ ካዳመጥኩ በኋላ፣ ለሠላሳ ዓመቱ ጉዞዎ ስንቅ ይሆኑ እንደሆነ በማለት፣ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች በተራ ቁጥር ማቅረብን መረጥኩ።

አንደኛ፤ ስለ ጉድጓዱ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። እኅቴ የምትተኛበት የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ድሮ ልብስ ስፌት ቤት ከነበረበት ቦታ ጋር ይዋሰናል። ስፌት ቤቱ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሊቆምበት ነው መባሉን ስንሰማ እንደ ጥሩ ጎረቤት ደስ ብሎናል። ከሕንፃው በፊት ግን ለመኪኖች ማቆሚያ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ፣ የቤታችንን መሠረት እስኪነካ ድረስ ተቆፈረ። በመንገዱ በኩል ያለውን አፈር በብረትና በወፍራም እንጨት ደግፈውታል፤ በዚያ በኩል እንግዶችዎ ከነመኪኖቻቸው ያልፋሉና። በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ ሰማያዊ ሸራ አልብሰውታል፤ ብርድ እንዳይመታው ይመስለኛል። ፎርማኑን ጠርቼ በትሕትና ብጠይቀው «እማማ፣ አይስጉ፤ በእናንተ በኩል ያለው አፈር ጨዋ ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል» አለኝ። ተቆጣጣሪ በጠፋበት ዘመን ራሱን የሚቆጣጠር አፈር ስለሰጡን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥዕሉ።

በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ፣ ሕንፃው ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከሕንፃው ጎን፣ ልክ ቤታችን በቆመበት ቦታ ላይ፣ ለምለም ሣር ይታያል፤ በሣሩም መካከል አንዲት ልጃገረድ ብስክሌት ትነዳለች። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። ቤታችን የለም።

የእኅቴ ልጅ በሩቅ አገር ግንበኛ ነው። እርስዎ በንግግርዎ «ተንቀሳቃሽ የሰው ኃይል» ብለው ካሞገሷቸው አንዱ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን የምናውቀው እናቱ ስትታመም ተንቀሳቅሶ መምጣት ያልተፈቀደለት ልጅ መሆኑን ነው። በስልክ የሥዕሉን ነገር ስነግረው ሳቀና «አክስቴ፣ ልጅቷ ቀይ ሹራብ ለብሳለች?» አለኝ። ለብሳለች። «እሷማ እኛም ጋ አለች። እዚህ የምትነዳው ዳቦ ቤት በነበረበት ላይ ነው።» ከዚያ ሳቁን አቁሞ «እማዬን ከዚያ ክፍል አውጪያት» አለኝ። በንግግርዎ ውስጥ ደጋግመው ያነሱት «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ስንጥቁ። በዚህ ላይ ጥቂት ስለማረዝም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በእኅቴ አልጋ ራስጌ ከጣሪያው ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ብቅ አለ። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ነበር፤ ውሎ አድሮ የማበጠሪያ ጥርስ ያስገባ ጀመር። በስልክ ብወተውት መሥሪያ ቤትዎ አንዲት መሐንዲስ ላከልን። ከሠራተኞችዎ መካከል እንከን ያጣሁባት እሷ ብቻ ናት፤ እንከን በመፈለግ ደግሞ አልታማም። ጫማዋን ደጅ ጠርጋ ገባች፤ እኅቴን አስፈቅዳ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ በስንጥቁ ላይ አግድም፣ ቁስል እንደሚታሸግ አድርጋ ጀሶ ለጠፈች፤ ቀኑንም በእርሳስ ጻፈችበት። «ጀሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ንቅንቅ ካለ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። ከተሰበረ በዚያው ቀን ደውሉልኝ» ብላ ሄደች። እኅቴ ጀሶውን ወደደችው። «በቃ፣ ግድግዳውም እንደ እኔ ታሞ በፋሻ ታሰረ፤ ሁለት በሽተኛ አለብሽ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ጀሶው ተሰበረ። ደወልኩ። መሐንዲሷ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መዛወሯን ነገሩኝ፤ ስልኩን ያነሣው ሰው ግን ማስታወሻ እንደሚይዝልኝ ቃል ገባልኝ። እስከ ዛሬም አጥብቆ እንደያዘው አልጠራጠርም።

ይህ በሆነ ሰሞን የስብሰባዎ እንግዶች ግንባታውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ቁፋሮው የነካቸው ቤቶች ሁሉ ታድሰው ለእንግዶቹ እንዲታዩ ትእዛዝ ወረደና አንድ ቀለም ቀቢ መሰላሉን ተሸክሞ በራችንን አንኳኳ። እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስለነበር የሆነውን የሰማሁት ከእኅቴ ነው። ሰውየው ጥንቁቅ ነው፤ ወለሉን ጋዜጣ አለበሰ፣ የእኅቴን አልጋ በላስቲክ ሸፈነ፤ ከዚያም ጀሶውን በመፋቂያ ይፍቀው ጀመር።

«አንተ፣ ተው እሱን! እሱ ጠባቂያችን ነው!» ብላ ጮኸች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የተሰባበረ ጀሶ ነው። ማነው እንዲህ አበላሽቶ የለጠፈብዎት?»

«መንግሥት ነው!»

«እሱማ ያስታውቃል» ብሎ ፍቆ ጨረሰው።

ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ፤ በላዩም ክሬም ቀለም ደራርቦ ቀባ። ስመለስ ግድግዳው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ አገኘሁት፤ እኅቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከመሥሪያ ቤትዎ የመጣ ተቆጣጣሪ በራፉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ተመለከተና፣ በአካል በተደረገው ምልከታ ስንጥቅ ባለመገኘቱ አቤቱታችን የተዘጋ መሆኑን አስታወቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልብ ብለው ቢመለከቱት ከእነዚህ ሰዎች መካከል የዋሸም የሰነፈም የለም። መሐንዲሷ ለጠፈች፤ ቀለም ቀቢው አሳመረ፤ ተቆጣጣሪውም ያየውን ተናገረ። ቤት የሚያፈርሰው ሰነፍ ነው ተብዬ ነበር የተማርኩት። ታታሪዎች ተራ ገብተው ሊያፈርሱት እንደሚችሉ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

አራተኛ፤ ስለ ተተኪው ትውልድ።

በንግግርዎ ወጣቱ ወደ ግንባታ ሙያ ለምን እንደማይመጣ ግራ እንደገባዎት ሰምተናል። እኅቴ ሌላ ሥራ ስለሌላት ወደ ግንባታው የሚገቡትን ሠራተኞች ሁሉ በመስኮቷ ታውቃቸዋለች። አሸዋ የምታመላልስ አንዲት የቀን ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ስታልፍ አንገቷን ወደ መስኮቱ አስግጋ «እማማ፣ ዛሬም አላችሁ?» ትላት ነበር። እኅቴም «አለን። እናንተስ?» ትላለች። «እኛም እስካሁን አለን» ብላ ሴትየዋ እየሳቀች ወደ ጉድጓዱ ትወርዳለች፤ ራሷ ላይ ከነጠላ ሻሽ በቀር የለም። ወጣቱ የማይመጣበትን ምክንያት ለማጥናት ኮሚቴ ማቋቋምዎን አደንቃለሁ፤ ኮሚቴው አንድ ቀን በመስኮታችን በኩል ቢያልፍ ሥራው ይቀልለት ነበር።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ዝናቡ።

ከስንጥቁ ቀን ጀምሮ እኅቴን ወደ ፊተኛው ክፍል እንድትዛወር ስለምናት ከርሜያለሁ። ከታመመች ወዲህ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ውጪውን የምታየው በኋለኛው ክፍል መስኮት ብቻ ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮት የለውም። «በዚያ ጨለማ ገብቼ ምን ልይ? ለመኪና ማቆሚያ ብዬ ከአልጋዬ አልነሣም» ትለኛለች። እኔ ግትር እላታለሁ፤ እሷ ፈሪ ትለኛለች። በዚህ ዕድሜያችን ተኳርፈን ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን አለ። በመጨረሻ የራሴን አልጋ ከእሷ አጠገብ አምጥቼ ዘረጋሁ። «ከወደቀም በሁለታችን ላይ ይውደቅ» ብላት «አንቺ ድሮም ቦታ ስታጣብቢብኝ ነው የኖርሽው» አለችኝ።

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ካባራ በኋላ የክፍሉን በር ልዘጋ ስል እምቢ አለኝ። በአንድ ጣት ይዘጋ የነበረ በር ነው። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ከላይ በኩል ከመቃኑ ጋር ተጣልቷል፤ ከታች በኩል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ክሬሙ ቀለም እንዳማረ ነው፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። እኅቴ እኔን፣ በሩን፣ ደግሞ እኔን አየች። «ልጄ ሲደውል ወጥታለች በይው» አለችኝ።

ጎረቤቶች መጥተው ከነአልጋዋ ተሸክመው ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወሯት። ቀለም ቀቢውም ከመንገድ ሮጦ ገብቶ በግርጌዋ በኩል ተሸከመ፤ ግድግዳውን ግን ቀና ብሎ አላየውም። አሁን እኅቴ ጨለማው ክፍል ውስጥ ናት። ሰው በገባ ቁጥር «ውጪው እንዴት ነው? ዘነበ እንዴ?» ትላለች። ያቺ አሸዋ የምታመላልሰው ሴት ጠዋት በመስኮቱ «አላችሁ?» ብላ ስትጣራ የሚመልስላት የለም፤ እኔ ሮጬ እስክደርስ አልፋለች።

እንግዲህ የምለምንዎ ነገር አጭር ነው። ዝናቡ ሳይበረታ በእኛም በኩል ያለው አፈር ይደገፍ። ቀለሙ ተፍቆ ጀሶው ይመለስ፤ ከጀሶው ጋር መሐንዲሷ ትመለስ። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ጤነኛ መሆኑን በገዛ ፊርማዎ አረጋግጠው ይላኩልኝ፤ እኅቴን በዚያው ቀን ወደ መስኮቷ እመልሳታለሁ። የሠላሳ ዓመቱን በሙሉ ልብ ለሚያውቅ ሰው የአንድ ዝናብ ወቅት ፊርማ ይከብደዋል ብዬ አላስብም።

እስከዚያው ግን እናንተ በሙያችሁ ቋንቋ ጊዜያዊ ርክክብ የምትሉትን ሥርዓት በእኔ በኩል ፈጽሜያለሁ። የኋለኛውን ክፍል ከነግድግዳው፣ ከነመስኮቱና ከነበሩ ከዛሬ ጀምሮ ለክቡርነትዎ አስረክቤያለሁ። ቁልፍ አልላክሁም፤ አይዘጋም።

የጀመሩት ሁሉ እንዲያልቅልዎ፣ ያለቀውም እንዲቆምልዎ፣ የቆመውም ሰው በውስጡ እንዳለ እንዲሰነብትልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ወለሉ በፈቀደልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እገልጻለሁ።

ከጉድጓዱ አፋፍ፣
የታላቅ እኅቷ አስታማሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠላሳ ዓመቱ ሲሞላ እኔና እኅቴ አንኖርምና የትንበያዎን እውነትነት የማጣራት ዕድል አይገጥመንም። ያን ጊዜ የምንገባበት ቤትም ቢሆን የሚጀመረው በቁፋሮ ነው። ሆኖም በየቀብሩ እንደታዘብኩት፣ የዚያ ቤት ቆፋሪዎች ጉድጓዱን በቆፈሩበት ዕለት ይደፍኑታል፤ ጎረቤትም አይነቃነቅም። በመሥሪያ ቤትዎ ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ ይመስለኛል።