ጣሪያ ላይ እያለሁ መሰላሌን ላስወሰዱት ኃላፊ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ ጣሪያም ደረቅ ዘመን እመኛለሁ። እኔ በጓሮው ረድፍ መጨረሻ ቤት ከአልጋ ከማትነሣ እናቴ ጋር የምኖር ተከራይዎ ነኝ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ቅዳሜ፣ ወጀቡ ሳይደርስ ልጨርስ ብዬ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ልመታ መዶሻዬን ባነሣሁበት ቅጽበት ነው። ኮሽታ ሰምቼ ቁልቁል ስመለከት ዘበኛዎ መሰላሌን ተሸክሞ ከግቢው ሲወጣ አየሁ። ብጮህበት ዞር ብሎ፣ መሰላሉ ያለ ፈቃድ ጣሪያ ለመጠገን የዋለ ኤግዚቢት በመሆኑ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚወሰድ፣ እኔ ግን ባለሁበት መቆየት እንደምችል በትሕትና አስረዳኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ሳልጉላላ ያገኘሁት የመጀመሪያው ፈቃድ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው ሲያዘልለኝ፣ እናቴ ከሥሬ ሆና ሥራው እስካሁን አላለቀም ወይ፣ ውሃ ጠማኝ እያለች ስትጣራ እሰማታለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደርበው፣ እዚያው ርግብ ሆነሽ ልትቀሪ ነው ወይ እያሉ ባያወርዱኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ከላይ በወረወርኩልዎ ነበር።

አቤቱታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ባለሙያ መጥቶ ጣሪያው ሲያፈስ በዓይኑ ማየት እንዳለበት፣ ባለሙያዎችዎ ግን ለደኅንነታቸው ሲባል በዝናብ እንደማይወጡ ተነገረኝ። ለሠራተኛ ጤና እንዲህ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት እንዳለን ባለማወቄ አፍሬአለሁ።

፪ኛ. ካልተመቸሽ ልቀቂ ተባልኩ። ልለቅ ስል ደግሞ ቤቱን የማስረክበው ጣሪያው ደኅና ሲሆን ብቻ እንደሆነ ተገለጸልኝ። እንግዲህ መጠገን ክልክል ነው፤ ሳይጠግኑ መውጣትም ክልክል ነው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቅሁ ብሆንም የዚህን በር መውጫ አላገኘሁትም።

፫ኛ. ትናንት ደግሞ የመታሁትን ቆርቆሮ ነቅዬ ጣሪያውን ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንድመልስ፣ ማፍሰሱ ሲረጋገጥም ጉዳዬ እንደሚታይ ታዘዝኩ። በግልጽ ቋንቋ፣ ከእናቴ ትራስ በላይ ያለውን ቀዳዳ በገዛ እጄ እንድከፍት ማለት ነው። ደመናው ከወዲያ ማዶ እየጠቆረ ነው፤ ባለሙያዎ ግን፣ መቼም፣ በዝናብ አይወጣም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሰፊው ወንበርዎና ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለመሆንዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽሁ፣

በአክብሮት፣ ባለችበት እንድትቆይ የተፈቀደላት ተከራይዎ

ሳልረሳው፦ ከመታሁት ምስማር አንዱንም አልነቅልም። ነገ ጠዋት ጎረቤቶቼ ከታች ቆመው መውጫ ጠረጴዛዎቹን እየጠበቁልኝ የቀረውን ቆርቆሮ እመታለሁ፤ ማስቆም የሚሻ ሁሉ በጠራራው ቀን ይምጣ። ቀዳዳው ይከፈት የሚል ካለም በእናቴ አልጋ ላይ ተጋድሞ ዝናቡን በፊቱ ይቀበል። እናቴ ግን ከእንግዲህ ተኝታ ጃንጥላ አትይዝም። ይህን አልቀበልም።