ለአዲሶቹ ሴት ተማሪዎች ስለሚመታው ማንኪያ

ለክቡር ዶክተር ሂዩበርት ማሌምያ
የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም እንደምን ሰንብታችኋል? የምግብ ፍላጎትዎስ እንዴት ነው? ይህን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደብዳቤዬ ስለ መብላት ስለሆነ ነው። እኔ ለቪሰን ምቤዌ እባላለሁ። በንቺሲ አውራጃ ገበሬዎችን ስለ በቆሎና ስለ ማዳበሪያ ስመክር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎ የአሊናፌ ማሉሜ፣ ማለትም የእናቷ ወንድም ነኝ። በእኛ በቼዋ ሕዝብ ዘንድ ለልጅ ትምህርትም ለልጅ ዕንባም ከአባት ይልቅ ተጠያቂው ማሉሜ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉና በዚህ ላይ ጊዜዎን አላባክንም።

ቅሬታ ለማቅረብ ድፍረቱ ስለሌለኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስፍሬ በግልጽ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አቀባበሉ። ልጄን ከነፍራሿ፣ ከነኦቾሎኒ ከረጢቷና ከአንዲት ቀይ ዶሮ ጋር ይዤ በመጣሁ ጊዜ፣ በራፉ ላይ “እዚህ ቤትሽ ነው” የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሶ የተቀበለን የአራተኛ ዓመት ተማሪና የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ ኪንግስሊ ንታባ ነበር። ፍራሹን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ላይ ጫነው። እኔም የድሮ ሰው ነኝና፣ እስከ በር ወጥቶ የተቀበለን ሰው ለልጅቷ ኃላፊ ሆኖ የተመደበ መሰለኝ። ስለዚህ እንደ አገራችን ወግ ጎንበስ ብዬ፣ እጄን አጨብጭቤ ዶሮዋን ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በእኛ ሰፈር ያቺን ዶሮ በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው ልጅቷን ተረከበ ማለት ነው፤ በእሷ ላይ የተሳቀ በእሱ ላይ የተሳቀ ይሆናል። “አባባ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ እሷ እኮ እህታችን ናት” አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ተኝቼ ሄድኩ፤ ዶሮዋም በዚያው ምሽት መበላቷን ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ምግብ አዳራሹ። ከበሩ እስከ ምግብ ማደያው መስኮት ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው። አዲስ ሴት ተማሪ ሳህኗን ይዛ ስትገባ በግራና በቀኝ የተቀመጡት ወንዶች ማንኪያቸውን ሳህናቸው ላይ በእርምጃዋ ልክ ይመታሉ። ብትፈጥን ያፈጥናሉ፤ ብታዘግም ያዘግማሉ። ግራ ገብቷት ከቆመች ደግሞ ሁሉም ማንኪያውን ወደ ላይ አንሥቶ ጸጥ ይልና እግሯን እስክታነሣ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃታል። እንዲህ ያለ መደማመጥ በዛሬ ወጣቶች ዘንድ ብርቅ ነውና ሊደነቅ ይገባል። በመሐልም “ኧረ ቀስ በይ፣ ወለሉን እንዳታፈርሺው!” “ይችን ደግሞ መራመድ ማን አስተማራት?” የሚል ወንድማዊ ምክር ከየጠረጴዛው አይጠፋም። ከላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ “መከባበር ባህላችን ነው” የሚል የክቡርነትዎ ሰንደቅ ተሰቅሏል። ከሰንደቁ ሥር ተቀምጦ ማንኪያውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ኪንግስሊ ንታባ ነው።

አሊናፌ በስልክ ስጠይቃት “ደህና ነኝ ማሉሜ፤ ምግቡ ብቻ ትንሽ ራቅ ይላል” ትለኝ ነበር። እኔ ሞኙ ደግሞ በእግር መሄድ ለጤና መልካም እንደሆነ መከርኳት። እናቷ በቋጠረችላት ኦቾሎኒ ስትኖር ከርማ፣ አንድ ቀን የኬሚስትሪ ትምህርት ላይ ራሷን ስታ መውደቋን የነገረችን አብራት የምታድረው ልጅ ናት።

ሦስተኛ፦ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስላገኘሁት መስተንግዶ። ወንበር ሰጡኝ፤ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞሩልኝ። “ክፋት የለውም እኮ አቶ ምቤዌ፤ በእኛም ጊዜ ነበር፤ ይለምዱታል” አሉኝ። ይህን ሲሉ በእስክሪብቶዎ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር፤ ልብ ያሉት አይመስለኝም። ምቱን ግን ወዲያው ለየሁት፤ አሊናፌ በዚያው ጠዋት አልጋዋ ጠርዝ ላይ በጣቷ መትታ አሰምታኝ ነበርና።

ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ እርምጃ ወሰዱ። የብረቱ ማንኪያ በፕላስቲክ እንዲለወጥ አዘዙ፤ ልጆቹም ፕላስቲኩን አስቀምጠው በመዳፋቸው ጠረጴዛ መምታት በመጀመራቸው አዳራሹ ከድሮው የበለጠ ሞቅ ብሏል። አሊናፌም ከሌሎቹ ቀድማ እንድትመጣ መከሯት፤ ቀድማ ስትመጣ ወጥ ቤት የበቆሎ ገንፎ የምታገነፋው ሴትዮ “ልጄ፣ ንሲማው ገና ውኃ ነው፤ ቆየት ብለሽ ነይ” አለቻት። ቆየት ብላ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ጽፌያለሁ።

ኪንግስሊንም ጠርተው መክረውታል። ከቢሮዎ ሲወጣ አግኝቼው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በአክብሮት ሰላም አለኝ። “ልጅቷ ምን በድላችሁ ነው?” ብዬ ብጠይቀው፣ “አባባ፣ ቀልድ እኮ ነው! ካልመታንላት እኮ እንደ ባዳ ቆጠርናት ማለት ነው” አለኝ። ዶሮዋን አስታወስኩት። “ውይ፣ እንዴት ትጣፍጥ ነበር! እግዜር ይስጥልን” አለ። ፊቱ ላይ ክፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ክፉ ቢሆንልኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር።

አራተኛ፦ ይህን ነጥብ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። አሊናፌ አሁን ቤት ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች። ለሚቀጥለው መንፈቅ የምትመዘገብበት ቀን ደርሷል፤ እህቴም ምግቤን አቅርባ ቁጭ ትልና ፊቴን ታያለች። ሂጂ ካልኩ ወደዚያ መተላለፊያ የምሰዳት እኔ ነኝ። ቅሪ ካልኩ ከሰፈራችን ለዩኒቨርሲቲ የበቃችውን የመጀመሪያዋን ሴት ልጅ መጽሐፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተባይ ለገባበት በቆሎ መድኃኒት አላጣሁም ነበር፤ ለዚህ ግን አጣሁ። የሰፈሩ ሹም “ለሚመለከተው ጻፍ” አሉኝ። ፓስተሩ “ጸልይ” አሉኝ። አባቷ “ማሉሜዋ አንተ አይደለህ እንዴ?” አለኝ። ጸልያለሁ፤ እነሆ ለሚመለከተውም ጽፌያለሁ። ከዚህ የዘለለ የማደርገው አንድም ነገር የለኝም።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ።

ስለ ካናቴራው፣ ስለ ሰንደቁ፣ ስለ ማራገቢያው ነፋስና ስለ ፕላስቲኩ ማንኪያ አመስግኜ የማልጠግብ፣ ክቡርነትዎ ወደሚመገቡበት ክፍል በሰላምና በጸጥታ እንዲገቡ ዘወትር የምመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ለቪሰን ምቤዌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳላሽገው በሰነበትኩበት ጊዜ ልጅቷ የእኔን ቃል መጠበቅ ሰልችቷት ራሷ ወሰነች። እሑድ ትመለሳለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወንድሞቿንና የጎረቤት ልጆችን ግቢ ውስጥ በግራና በቀኝ አስቀምጣ፣ ሳህንና ማንኪያ አስይዛ፣ “ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ! እንዳታዝኑልኝ!” እያለች በመሐላቸው ትመላለሳለች። እናቷ ላለማየት ቤት ትገባለች። በመጀመሪያው ቀን መሐል ላይ ቆማ ቀረች፤ ትናንት እስከ በሩ ደረሰች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ “ተዪ” ማለትም “አይዞሽ” ማለትም አቃተኝ። አዲስ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲዎ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማየት ቢፈልጉ ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። እኛ የምንበላው በእጃችን ስለሆነ ማንኪያ አልነበረንም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ተውሰናል። ለክቡርነትዎ የሚሆን አንድ ተርፎናል።